የዘጠኝ ቁጥር ክፍት ማይክ

«እውነተኛ ታሪክ ነው» ብሎ የማይጀምር የለም። አውቃለሁ። እኔም እዚሁ ቻናል ላይ የሌላውን ታሪክ እያነበብኩ «ኤዲያ!» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምጽፈው ጆሮዬ የሰማውን ብቻ ነው... ጆሮዬ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በመስማት ብቻ ደመወዝ ያበላኝ ጆሮ ነው።

ሌሊት አልነበረም። የሚያላዝን ውሻ የለም፣ የጠፋ መብራት የለም። ማክሰኞ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአስራ አራት ደቂቃ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝታለች። ታች ግቢው ውስጥ መኪና አጣቢው ባልዲውን እያንኳኳ ያፏጫል።

እንዲህ ባለ ሰዓት ምን ክፉ ነገር ይመጣል?

ሥራዬ ሬዲዮ ነበር። ዘፈን የሚመረጥበት ሬዲዮ አይደለም፤ የፖሊስ ሬዲዮ። ሃያ ሁለት ደረጃ ተወጥቶ የሚገኝ ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ድምፅ ማጉያ አለው፤ አንዱ ለመስመር አንድ፣ አንዱ ለመስመር ሁለት። ከእነሱ ሌላ መዝገብ፣ የግድግዳ ሰዓትና እንደኔ የሚያቃስት ማራገቢያ አለ።

ከጠረጴዛው ሥር ፔዳል ነበረኝ። እጄ ሲጽፍ እግሬ ይረግጠዋል፣ ድምፄ ለመኪናዎቹ ሁሉ ይወጣል። በዚያ ሳምንት ግን ፔዳሉ ተበላሽቶ ነበር። ቴክኒሻናችን ቅዳሜ ገመዱን ነቅሎ፣ ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አሰረልኝ። እኔም እብጠት ለሚያሠቃየው እግሬ ማሳረፊያ አደረግኩትና በጠረጴዛው ማይክ፣ በእጄ እየተጫንኩ መሥራት ጀመርኩ።

በሬዲዮ ስሜ «ቤት» ነው። «ቤት፣ ቤት፣ ከሰባት» ሲሉኝ «ቤት እሰማለሁ» እላለሁ። ሻይ ልጠጣ ስወጣ እንኳ «ቤት መጣች፣ ተጠጉላት» ይሉኛል። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነበር።

መኪናዎቹ ላይ ያሉት ፖሊሶች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። «ዝናብ መጣ» ካሉ አለቃ እየመጣ ነው። «ጎማ እያየን ነው» ካሉ መኪና ውስጥ ተኝተዋል። «ክዳን ክፍት» ካሉ ደግሞ... የአንዱ የማይክ ቁልፍ ሳያውቀው ተጭኖ ቀርቷል፣ መኪናው ውስጥ የሚወራው ሁሉ ለዓለም እየተሰማ ነው።

አቤት ስንቱን ሰማሁ! ከአማቱ ጋር በስልክ የሚለማመጠውን። ሲነዳ የሚዘፍነውን። አለቃውን ቁጭ አድርጎ የሚያማውን፣ አለቃው እኔ ጎን ቆሞ እየሰማው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ክዳን ሲከፈት አሠራራችን አንድ ነበር። የተያዘው መስመር ስለማያሠራ ሁሉንም ወደ መስመር ሁለት አወጣለሁ። ከዚያ ቁጥር እጠራለሁ። አንድ፣ አለ። ሁለት፣ አለ። መልስ ያልሰጠው፣ ክዳኑ የተከፈተው እሱ ነው። ቁልፍ የተጫነ ሬዲዮ ድምፅ ያወጣል እንጂ የሌላውን አይሰማምና።

ስለዚህ በእኛ ሥራ የአንድ ሰው ዝምታ አያስደነግጥም ነበር። ያስቃል።

ይቺን ያዙልኝ።

ሌላም ነገር አለ። አፍ መክፈት በማይቻልበት ቦታ ማይኩን በጣት እንመታለን። ሁለቴ ከሆነ «ደርሶኛል» ነው። ሦስቴ ከሆነ «ድረሱልኝ»።

ክዳን በመክፈት ከሁሉም የባሰው ዘጠኝ ቁጥር ነበር። ሹፌሩን ሁላችንም «አጎቴ» ነበር የምንለው፤ አለቆቹም ሳይቀሩ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ትንፋሹ አጭር ሰው። ዳሽቦርዱ ላይ ማንኪያ የገባበት የሻይ ብርጭቆ አይጠፋም፤ መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ቅጭል ቅጭል ይላል። ማይኩ ከማንጠልጠያው ይወድቅና ከጭኑ ሥር ይገባል። እሱ ይቀመጥበታል። እኛ ደግሞ ትንፋሹንና ብርጭቆውን ስናዳምጥ እንውላለን።

ከመኪና ሲወርድ መኪናዋ በእሱ በኩል ብድግ ትላለች። ግቢ ውስጥ ያለው ሁሉ «ተነፈሰች!» ብሎ ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ተራው ሲያበቃ ሊፈርም ወደ እኔ ይወጣል። ሁልጊዜ አስራ አንደኛው ደረጃ ላይ ይቆማል፣ ትንፋሹን ሊሰበስብ። «ቤት፣ ግማሽ መንገድ ላይ ነኝ፣ ወንበር አዘጋጂ!» ብሎ ከዚያ ይጮኻል።

እወደው ነበር። ይህን ማለት አለብኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ እንደዚሁ ማክሰኞ፣ እንደዚሁ ስምንት ሰዓት ከአስራ አራት፣ መስመር አንድ ላይ ክዳን ተከፈተ። ትንፋሽ... የወንበር ቆዳ ሲንቋቋ... ብርጭቆ።

ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የቤት ማሠራጫ ጉልበት ስላለው ክፍት ማይክንም ሰንጥቆ ያልፋል። ፔዳሉን ረግጬ ሁሉንም ወደ ሁለት አወጣኋቸው። ለደንቡ ያህል ቁጥር ጠራሁ። ዘጠኝ አልመለሰም። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የመስመር አንድን ድምፅ ማጉያ ዝቅ አደረግኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

አርባ አንድ ደቂቃ።

አንድ መንገደኛ ነው ያገኘው። የተዘጋ ሱቅ ፊት ለፊት፣ መኪናው ቆሞ፣ ግንባሩ መስታወቱን ተደግፎ። ልቡ ነበር። የሥራ ጓደኛው ያን ቀን ለምስክርነት ፍርድ ቤት ስለሄደ ብቻውን ነበር። አውራ ጣቱን ከማይኩ ቁልፍ ላይ ለማላቀቅ ሁለት ሰው አስፈለገ።

አልተቀመጠበትም ነበር። ይዞት ነበር።

መዝገቡ ላይ «ከ8፡14 እስከ 8፡55 መስመር አንድ፣ የቴክኒክ ብልሽት» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም። የሳቀው ሁሉ የመጠየቅ አፍ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቁጥርን የሚወስድ ሰው ጠፋ። ትእዛዝ አልወጣበትም፤ ግን ከስምንት ቀጥሎ አስር ሆነ።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኝ ነበር። ቁልፍ የተጫነ ሬዲዮ አይሰማም። ወገብ ላይ የሚንጠለጠለውን የእጅ ሬዲዮ ደግሞ አጎቴ ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ረስቶት ነበር የሚወጣው። ስለዚህ ስስቅበት አልሰማኝም። ስድስት ዓመት ራሴን ትራስ ላይ ያሳረፍኩት በዚህች ሐሳብ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ሆድ ይፍጀው ብዬ እይዘው ነበር። ግን ልጁ መጣች።

አዎ፣ የአጎቴ ልጅ። አድጋ፣ ሠልጥና፣ አራት ቁጥር ላይ ተመደበች። ሳቋ ቁርጥ የአባቷ ነው። «እትዬ» ትለኛለች፣ ስትገባ ሻይ ይዛልኝ ትመጣለች።

አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ አባቴ የሞተ ዕለት ሬዲዮ ላይ እርስዎ ነበሩ?»

«አይ... ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር።»

«ማን ነበር ታዲያ?»

«አታውቂውም። ተዛውሯል።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ጡረታዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅቷ ሳትሰማ ያን ደረጃ ወርጄ ቤቴ መግባት።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ መጣ።

ምሳ የበላ ሁሉ ፈዟል። ሬዲዮው ዝም ብሏል። እኔም አገጬን በእጄ ደግፌ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ሰዓቱ ስምንት ከአስራ አራት ሲል የመስመር አንድ አረንጓዴ መብራት በራ።

በርቶም ቀረ።

ሽሽሽሽ...

«ኧረ በናታችሁ» አልኩ ለራሴ። ደክሞኛል። ለክፍት ክዳን የሚሆን ትዕግሥት አልነበረኝም።

«ቤት ለሁሉም። መስመር አንድ ክዳን ክፍት ነው። ወደ ሁለት ውጡ።»

ወጡ። ቁጥር መጥራት ጀመርኩ።

«አንድ።»

«አለሁ።»

«ሁለት።»

«አለሁ ቤት።»

«ሦስት።»

«አለሁ፣ ማነው ደግሞ የተቀመጠበት?»

«አራት።»

«አለሁ እትዬ።» ልጅቷ ናት። የሥራ ጓደኛዋ ስለታመመ ብቻዋን ነበር የወጣችው።

አምስት አለ። ስድስት አለ። ሰባት አለ። ስምንት አለ። አስርም አለ።

እስክሪብቶዬ መዝገቡ ላይ ቆመ።

ሁሉም መልሰዋል። መስመር አንድ ግን አሁንም ክፍት ነው።

እንደገና ጠራሁ። እንደገና ሁሉም መለሱ። ሦስት ቁጥር «ቤት፣ ስማችንን ረሳሽው እንዴ?» አለኝ። አልሳቅኩም።

ጆሮዬን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁ።

የወንበር ቆዳ ይንቋቋል... አዲሶቹ መኪናዎቻችን ወንበራቸው ጨርቅ ነው።

ቀጥሎ ቅጭል... ቅጭል።

ማንኪያ። ብርጭቆ ውስጥ።

ስልኩን አንስቼ ቴክኒሻኑን ጠራሁት። «ካቻቪት» ነው የምንለው፤ በመኝታውም ካቻቪት ከኪሱ አይጠፋም ይባላል። ከእኔ እኩል የሸበተ ሰው ነው። እያጉረመረመ ወጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሻይ አታስጠጪኝም?»

«ዝም በልና ስማ።»

ሰማ። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ከየትኛው መኪና ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«ሁሉም መልሰዋል።»

«አይሆንም።»

«ሁለቴ ጠርቻለሁ።»

ትንፋሹ አሁን በደንብ ይሰማል። አጭር። ይገባል... ይቆማል... እያፏጨ ይወጣል። ሁለታችንም እናውቀዋለን። ስሙን ግን ማናችንም አልጠራንም።

«የዘጠኝ ሬዲዮ መጋዘን ነው» አለ ካቻቪት። «መደርደሪያ ላይ። እኔው ነኝ ከመኪናው የነቀልኩት። ገመድ የለው፣ ባትሪ የለው...»

«ሂድና እየው።»

ሄደ። ሲመለስ ሬዲዮውን እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር። አቧራ ለብሷል፣ የተቆረጡት ገመዶች ተንጠልጥለዋል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ምንም መብራት የለበትም። በድን ነው።

ማይኩን ገልብጦ አሳየኝ።

ቁልፉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ማንም ሳይነካው፣ ተጭኖ። ካቻቪት በጥፍሩ ሊያወጣው ሞከረ፣ በካቻቪቱም ሞከረ። እምቢ አለ።

«ድምፁን ቀንሺው» አለኝ። «በናትሽ ቀንሺው።»

«አልቀንስም።»

«አንቺ...»

«አልቀንስም አልኩ! አንዴ ቀንሻለሁ።»

ያኔ ነው በመስመር አንድ ላይ ሌላ ድምፅ የወጣው። ከትንፋሹ ጀርባ፣ ቀጭን፣ ከትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ። ወገብ ላይ ከሚንጠለጠል የእጅ ሬዲዮ።

የሴት ድምፅ ነበር። እየሳቀች ነው።

«...ሁላችሁም ወደ ሁለት ውጡ። አጎቴ ተቀምጦበታል። ይቀመጥበት፣ ሲነሳ ይነሳል!»

ክው አልኩ።

የራሴ ድምፅ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የነበረው፣ ያልደከመው ድምፄ።

የእጅ ሬዲዮውን አልረሳውም ነበር። ያን ቀን፣ ከስንት ቀን አንድ ቀን፣ ወገቡ ላይ ነበረ። ልቡ እየቆመ፣ አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አጣብቆ፣ ይደርሱልኛል ብሎ ሲጠብቅ... ስስቅ ሰምቶኛል።

ስድስት ዓመት የተኛሁባት ትራስ ከራሴ ሥር ተነጠቀች። እንባዬ መጣ፤ የሚጠራርገው እጅ ግን ጠፋኝ።

በዚህ መሃል መስመር ሁለት ጮኸ።

«ቤት፣ ከአራት።»

እጄን ወደ ማይኩ ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት።

«ቤት፣ ቤት፣ ከአራት።»

የጠረጴዛውን ማይክ ተጫንኩ። «...እሰማለሁ።»

«መስመር አንድ ላይ የምትስቀው ሴት ማናት?»

ልጅቷ የመኪናዋን ሬዲዮ ወደ ሁለት ስታወጣ የእጅ ሬዲዮዋን አንድ ላይ ትታዋለች። አባቷ ሲረሳ የኖረውን እሷ አትረሳም።

እጄን ከማይኩ ላይ አነሳሁ። በደንብ አነሳሁት፤ ካቻቪትም አይቷል። ወደ እሱ ዞርኩ።

«ምን ልበላት?»

«እኔ ምን አውቄ...»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ድምፅሽን ማን ያጣዋል?»

«ሁሉንም አታውቅም» አልኩት። «ድምፁን ከመቀነሴ በፊት... ማይኩን መታ። በቀለበቱ። ሦስቴ።»

ካቻቪት መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የሻይ ማንኪያው ነው ብዬ... አይ። ማንኪያ አልመሰለኝም። ለምን እዋሻለሁ? ቆጥሬዋለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ሁሉም እየሳቁ ነበር... ደክሞኝ ነበር... ቢሆንስ ብዬ አንድ መኪና ብልክ፣ ለከንቱ ነው ብለው ይስቁብኛል ብዬ ነው። ቀነስኩት። ሰምቼው ነው የቀነስኩት።»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም፣ ለእናቴ መቃብርም።

ካቻቪት ግን እኔን አያይም ነበር። ከጀርባዬ ያለውን ነው የሚያየው።

«መብራቱ...» አለ።

ዞርኩ። የመስመር ሁለት መብራት ቀይ ነው። ቀይ ማለት ቤት እየተናገረ ነው ማለት ነው።

እጆቼን አየሁ። ሁለቱም ጭኔ ላይ ናቸው።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር አየሁ። ቀኝ እግሬ ፔዳሉ ላይ ነው። ረግጦታል። ገመዱ አጠገቡ፣ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ቅዳሜ እንደተቀመጠ ተቀምጧል።

እግሬን አነሳሁ። ቀዩ መብራት ጠፋ።

መስመር ሁለት ላይ ያሉት ዘጠኙም መኪናዎች ሰምተዋል። ሦስት ቁጥር እንኳ አልቀለደም።

በመጨረሻ ልጅቷ በሬዲዮው መጣች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

«እትዬ... ክዳንዎ ክፍት ነበር።»

ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

«ልጄ...»

«እየሄድኩ ነው።»

«ወዴት?»

«እሱ የቆመበት።»

«ብቻሽን አትሂጂ። ሦስት ቁጥርን ልላክልሽ።»

«እሱም ብቻውን ነበር።»

ሰዓቱ ስምንት ከአርባ ነበር። እኔና ካቻቪት ቁጭ ብለን በግራ ጆሯችን የአባትየውን ትንፋሽ፣ በቀኝ ጆሯችን የልጅቷን ዝምታ ሰማን። ትንፋሹ እየራቀ፣ እየተቆራረጠ ሄደ። በመሃል ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ። ብረት በፕላስቲክ ላይ።

አሁን መለስኩለት። ከስድስት ዓመት በኋላ። የጠረጴዛውን ማይክ ወደ መስመር አንድ አዙሬ ተጫንኩ።

«ዘጠኝ፣ ከቤት። ሰምቼሃለሁ። እየመጣን ነው... አጎቴ፣ እየመጣን ነው።»

ትንፋሹ አንዴ ቆመ።

ጠቅ። ጠቅ።

ሁለቴ። ደርሶኛል።

ካቻቪት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ስምንት ከሃምሳ ሦስት ሲል ልጅቷ በሁለት መጣች።

«ቤት፣ ከአራት። ደርሻለሁ።»

«ምን አለ?»

«ምንም የለም። ባዶ መንገድ። ሱቁ እንደተዘጋ ነው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ መስመር አንድ ላይ መኪና ሲቆም ተሰማ። ፍሬን። እርምጃ። ከዚያ በር ሲከፈት።

ቀጥሎ የሴት ልጅ ድምፅ፣ ከማይኩ አጠገብ፣ ጥርት ብሎ፦

«አባዬ... መጣሁ።»

የእሷ ድምፅ ነው። ማይኩን ወደ ሁለት አዞርኩት።

«አራት! ከመኪና ወረድሽ እንዴ?»

«አልወረድኩም» አለች። «ልወርድ አልኩ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። በሩንም አልከፈትኩም። ምነው እትዬ?»

በመስመር አንድ ላይ የወንበሩ ቆዳ ለረጅም ጊዜ ተንቋቋ። ወፍራም ሰው ከወንበር ሲነሳ እንደሚያሰማው። በር ተዘጋ። ሌላ በር ተከፈተ፤ ተዘጋ።

ስምንት ከሃምሳ አምስት። አረንጓዴው መብራት ጠፋ።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የበድኑ ሬዲዮ ማይክ ቀጭ አለ። ቁልፉ ወጥቷል።

ካቻቪት ተነስቶ ወጣ። የመሣሪያ ቦርሳውን እንኳ አልዘጋውም።

«ቤት፣ ከአራት» አለች ልጅቷ። «እየተመለስኩ ነው። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«ለምን ቀስ ብለሽ?»



የስድስት ዓመቱን መዝገብ ከመደርደሪያ አውርጄ ከዛሬው ጎን ገለጥኩት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የዛሬውንም የዚያን ጊዜውንም ጻፍኩ። «የቴክኒክ ብልሽት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ ስሜን ጻፍኩበት። እናቴ ያወጣችልኝን።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ አራት ቁጥር ግቢ ገባች። በመስኮት አየኋት። መኪና አጣቢው ባልዲውን ይዞ ተጠጋ።

ልጅቷ ብቻዋን ወረደች። በመኪናው ፊት ዞረች። በጎን በኩል ያለውን የተሳፋሪ በር ከፈተችና በእጇ ደግፋ ያዘችው። ለከባድ ሽማግሌ በር እንደሚያዝ።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ከላይ ሆኜ በደንብ ይታየኛል፣ ማንም የለም።

ትንሽ ጠበቀች።

ከዚያ መኪናዋ በዚያ በኩል ብድግ አለች።

መኪና አጣቢው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ግቢው ሙሉ ሰው ነበር። «ተነፈሰች» ያለ ማንም የለም።

ልጅቷ በሩን በቀስታ ዘጋችው። ቀና ብላ ወደ መስኮቴ አየች። ቁጣም እንባም ፊቷ ላይ አልነበረም፤ እንደ እኔ የደከማት ብቻ ትመስል ነበር። ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

ታች የደረጃው በር ሲከፈት ሰማሁ።

መሸሽ ይቻል ነበር። በጓሮ በኩል መውጫ አለ። ግን ሃያ ሦስት ዓመት ደክሞኛል፣ ስድስቱን ደግሞ ከሁሉም በላይ። ተነሳሁ። ግድግዳው ሥር የነበረውን ወንበር ጎትቼ ከጠረጴዛዬ ፊት አደረግኩት። አቧራውን በእጄ ጠረግኩት።

እርምጃው ከባድ ነው። ቆጠርኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

ሰባት... ስምንት...

ዘጠኝ... አስር...

አስራ አንድ።

ቆመ። ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው።